ዕውቀት ለምን በአንድ አገር አልተሰበሰበም?

ሰው የራሱን እምነት ሳይለቅ የሌላውን ሰው ዓለም መማር ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ያነሡት አንድ የባሌ ሲናና ገበሬ ናቸው። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ደጁን ያልተውኩት አንድ የሮቤ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር እንዲጻጻፉ፣ አቅም ሲገኝም ልጅ ተቀብሎ ልጅ ለመላክ አስቦ ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጥቅሙን አስረዱ፤ እንግሊዝኛቸው ይሻሻላል፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኛሉ፣ ዓይናቸው ይከፈታል አሉ። ከሲናናዋ ሰልቃ የመጡት እኒያ ገበሬ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና፣ «የተባለው ሁሉ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጄ የሌላውን ሃይማኖትና ልማድ አጥንቶ ሲጨርስ፣ ከኔ ጎን ለሶላት የሚቆም ልጅ ሆኖ ይመለስልኛል ወይ?» አሉ።

ጥያቄውን እንደ ኋላ ቀርነት የቆጠሩት ነበሩ። እኔ አልቆጠርኩትም። ስለ ዓለም አቀፍ ትምህርትና ስለ ባህል ልውውጥ የሚነገረው ንግግር አብዛኛው ይህችን ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል፤ ጥቅም ይዘረዝራል፣ ስምምነት ይፈራረማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሰውየው ግን የጠየቁት ስለ ልጃቸው ነፍስ ነው። ስለ ነፍስ ለጠየቀ አባት «እንግሊዝኛው ይሻሻልለታል» ማለት አለመስማት ነው።

የማምነውን አስቀድሜ ልናገር። ከሌላው መማር እምነትን አይወስድም። ሰውን ከራሱ የሚያርቀው ዕድሜውን ሙሉ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መኖሩ ነው፤ ሁልጊዜ እየተማረ አንድም ቀን ሳይጠየቅ መቅረቱ። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት የአባቴ ሕይወት ነው።

አባቴ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ነበሩ። ቁርአኑን እዚሁ ሲናና በሉህ ላይ ተምረው አኽትመዋል። ከዚያ ፊቅህ ፍለጋ ወደ ሐረር ወጡ፤ ከሐረር ደግሞ ነህው ፍለጋ እስከ ወሎ ዘለቁ። መንገዱ አብዛኛው የእግር መንገድ ነበር። ከአገራቸው ሲነሡ ከአፋን ኦሮሞ በቀር የሚናገሩት ቋንቋ አልነበራቸውም። ወሎ ሲደርሱ ሼሁ ኪታቡን በዐረብኛ እያነበቡ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የባሌው ልጅ የዐረብኛውን ሰዋስው ለመረዳት መጀመሪያ አማርኛ መማር ነበረበት። አማርኛውን ያስተማራቸው መንደሩ ነው። ለደረሳ ምግብ የምታወጣ አንዲት ባልቴት፣ ቃል ሲያበላሹ ሳታቃናላቸው እንጀራውን አትሰጣቸውም ነበር። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ከዕለት ዱዓቸው የዚያች ሴት ስም ቀርቶ አያውቅም። እኛ ልጆቻቸው የማናውቃት የወሎ ሴት፣ ሲናና ውስጥ በየማታው ስሟ ይነሣ ነበር። ዛሬ በዚህ ቋንቋ የምጽፈውም በእሷ በኩል ነው ብል አላጋነንኩም።

በኛ አገር ዕውቀትን ቻይና ድረስ ሄዶ ስለመፈለግ በነብዩ ስም የሚነገረውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አባቴ ሐዲስ የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት ሊቃውንቱ እንደማያምኑት ይነግሩን ነበር፤ በነብዩ ስም መናገር ቀላል ነገር እንዳይሆንብን ብለው። ሆኖም አገር ለቅቆ መማር ሱና ለመሆኑ ያ አባባል አያስፈልገንም ይሉ ነበር፤ ቡኻሪም ሌሎቹም ሐዲስ ሰብሳቢዎች አንዲት ቃል ከምንጯ ለመስማት አገር ያቋርጡ የነበሩ ሰዎች ናቸውና። ከኛ ምድርም ወደ ካይሮ የዘለቁ ነበሩ። በአል አዝሃር ለኢትዮጵያና ለአካባቢዋ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ፣ ሪዋቅ አል ጀበርቲ የሚባል፣ ለዘመናት ነበር። የግብፅን ታሪክ የናፖሊዮንን ወረራ እያየ የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል ጀበርቲ ከዚያ ቤት ሰዎች ዘር ነው። ሊማር የሄደ ስደተኛ ዘር የአስተናጋጁን አገር ታሪክ ጻፈለት ማለት ነው።

ይህን ሳወራው አብሮኝ ለረጅም ጊዜ ያስተማረ፣ ዲቁና ያለው ጓደኛዬ፣ የነሱንም ነገረኝ። ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አባ፣ ቅዳሴ የሚሻ ደብረ ዓባይ ወይም ሰለልኩላ፣ ቅኔ የሚሻ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በማያውቀው አገር በማያውቃቸው ሰዎች ደጅ ቆሞ ይለምናል። «ሁሉን የያዘ ደብር የለም» አለኝ። እኔም የገረመኝ ይኸው ነው። ሁለት ሃይማኖቶች፣ ሳይመካከሩ፣ ዕውቀትን በየቦታው በትነው ተማሪውን እንግዳ እንዲሆን አስገድደውታል። እንግዳ ያልሆነ ተማሪ ትምህርቱን አይፈጽምም፤ ሊቅ ለመሆን በሰው ደጅ መቆም ያስፈልጋል። የኛ አባቶች ይህን ልውውጥ ብለው አልጠሩትም እንጂ ያለ እሱ አንድም ሊቅ አላፈሩም።

ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ? ፈጣሪ ዕውቀትን ሁሉ ለአንድ ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ሰጥቶ ድካሙን ማቅለል ይችል ነበር። የኦሪት ዘፍጥረቱ የባቢሎን ግንብ ታሪክ የቋንቋን መደባለቅ ከሰው ትዕቢት ጋር ያያይዘዋል። በሱረቱል ሑጁራት ግን ሰው ወደ ሕዝብና ወደ ነገድ የተከፈለበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እርስ በርስ እንዲተዋወቅ ነው። ዲያቆኑ ጓደኛዬ በዚህ አልተሸነፈም፤ የጰራቅሊጦስን ቀን አስታወሰኝ። በዚያ ቀን መንፈስ ቅዱስ ለሁሉም አንድ ቋንቋ አልሰጠም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። ባቢሎን የበተነውን በዓለ ሃምሳ መልሶ አንድ ወጥ አላደረገውም። ልዩነቱ እንዳለ ቀረ፤ የተወገደው አለመደማመጡ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለታችንም ከየመጽሐፋችን ተነሥተን እዚያው ቦታ ላይ ተገናኘን፤ ልዩነቱ የፈጣሪ ፈቃድ ያለበት ከሆነ፣ ከሌላው ሳልማር ልቅር ማለት ፈጣሪ ያስቀመጠልኝን ድርሻ አልፈልግም ማለት ነው።

እሱ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ ከዚያ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በሐዋርያት ሥራ ላይ ሠረገላ ያለው፣ ሹመት ያለው፣ መጽሐፍም በእጁ ያለው ሰው ነው። ያነባል፤ ግን አልገባውም። በእግሩ የሚሄደውን ባዕድ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ኢትዮጵያዊ በክርስትና መጽሐፍ ውስጥ ተማሪ ሆኖ የታየው እንዲህ ነው፤ ሳያፍር፣ የተሻለ መቀመጫ እያለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ። ፊልጶስም ቀድሞ የጀመረው በጥያቄ ነበር፤ የምታነበው ይገባሃል ወይ ብሎ። ሁለቱም ጠየቁ። ትምህርት የተጀመረው ከዚያ ነው።

እኔም ከባዕድ የተማርኩት ጎባ ነው፤ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ተማርኩ። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ብዙ ሕንዶች ያስተምሩ ነበር፤ ከ1955 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ተጨመሩ፤ ከሦስት መቶ ጥቂት የሚያንሱት የመጀመሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ነው የገቡት። እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ሂንዱ ነበሩ። ሥጋም እንቁላልም አይበሉም። ጎባ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ለጎረቤት ይኖራል፣ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ዳቦና ቡና ይጋራል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል። በቢስሚላሂ የታረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ በስመ አብ የታረደውን ሙስሊሙ አይበላም። በሠርግ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ድስት ይጣዳል። ይህ ጠብ አይደለም፤ ሁሉም የሚያከብረው ድንበር ነው።

እኒህ ሕንዳዊ በፈተና ሰሞን በጥናት የሚደክሙትን ልጆች ቤታቸው ይጠሩ ነበር። ሩዝና ምስር ወጥ፣ በእርድ ቢጫ የሆነ ጎመን፣ አንድ ትሪ ላይ። እኛ የሸዋ ሰፋሪ ልጅ፣ የአርሲ ኦሮሞ ልጅ፣ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ፣ ከዚያ ትሪ በአንድነት ቆርሰን በላን። ጎባ ውስጥ ሁላችንም ያለ ጥርጣሬ ከአንድ ዕቃ የበላንበት ቤት የባዕዱ ቤት ነበር። ጾም ላይ ያለው ክርስቲያን ልጅም አልተቸገረም። ሰውየው ለእኛ ብለው ሃይማኖታቸውን አላለዘቡም፤ እንዲያውም ያ ትሪ የሚቻለው እሳቸው በራሳቸው ሕግ ስለ ጸኑ ነው። እኛም አንዳችን ሂንዱ አልሆንንም። ከመካከላችን ኋላ ሼህ የሆነ አለ፤ ቄስ የሆነም አለ። አንድ ነገር ግን ሁላችንም ይዘን ወጣን፤ በጎረቤታችን ቤት የማንበላበት ምክንያት የጎረቤታችን ርኩሰት ሳይሆን የየራሳችን ቃል ኪዳን መሆኑን። ይህን ከአባቴ አንደበት ብሰማው ምክር ነበር የሚሆንብኝ። ከሌላ አገር ከመጣ፣ ከሁላችንም የተለየ ሕግ ካለው ሰው ትሪ ላይ ስማረው ግን ተረዳሁት።

ለሰልቃው አባት የምሰጣቸው መልስ ከዚህ ይነሣል። ፍርሃታቸው ባዶ አይደለም። በትምህርት ስም ሃይማኖትን መንካት በዓለም ላይ ተደርጓል፤ ዳቦና ፊደል ይዘው መጥተው ነፍስ የጠየቁ ነበሩ። ልጅን ሩቅ ወስዶ ከቋንቋው ማራቅም ተደርጓል። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ አባቶቻቸው የወደቁባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልከው ስፓንኛ እየተናገሩ አደጉ። ሆኖም ከነሱ ጋር ኢትዮጵያውያን መምህራን ሄደው አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ ያስተምሯቸው ነበር፤ ያ ባይደረግ ምን ይሆኑ ነበር ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። አባቴ የራሳቸውን ቁርአን ሳያኽትሙ ከሲናና አልወጡም። ያን ቅደም ተከተል ማንም ሊዘልለው አይገባም። የራሱን ያልያዘ ልጅ እንግዳ ሲሆን ልመና ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የሚሰጠው የለውምና።

የሚሰጥ ነገር መያዝ ምን ያህል ሰውን እንደሚለውጥ ለማየት ከአንድ ታሪክ የተሻለ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ማደሪያ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አባ ጎርጎርዮስ ከሚባሉ የአማራ፣ የመካነ ሥላሴ መነኩሴ ጋር ተገናኘ። ሉዶልፍ ግእዝን በመጽሐፍ ነበር የሚያውቀው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ኤርነስት ጥሪ ወደ ጀርመኗ ጎታ ተሻግረው ከሉዶልፍ ጋር ለወራት ሠሩ። የሠሩትም አንዱ ሌላውን ቃል በቃል እየጠየቀ ነው። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ሲታተሙ፣ በውስጣቸው ብዙ የመነኩሴው ዕውቀት ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድም ቀን ሳያያት ኖሮ ሞተ። አባ ጎርጎርዮስም ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በእስክንድሮን አቅራቢያ ባሕር ላይ ሰጠሙ። መነኩሴው በባዕድ አገር እንግዳ ቢሆኑም፣ የያዙት ግእዝና አማርኛ መምህር አደረጋቸው።  ሉዶልፍም ከእሳቸው ተምሮ ፕሮቴስታንትነቱን አልለቀቀም።

ከዚያ በጣም ቅርብ ወደሆነው ዘመናችን ስመጣ ክሎድ ሳምነርን አስታውሳለሁ። ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና አስተማሩ። የአውሮፓን ፍልስፍና ለኢትዮጵያውያን ማስተላለፍ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን በዚያ አልቆሙም። የግእዝን የጥበብ መጻሕፍት ተርጉመው መረመሩ፤ ሲያረጁም የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በቅጽ ለያይተው አሳተሙ። ከኦሮሞ አርሶ አደር አፍ የሚወጣን ምሳሌ እንደ ፍልስፍና ምንጭ አድርጎ ማጥናት በዚያ ጊዜ ብዙዎቻችን ራሳችን ያላሰብነው ነገር ነበር። ባዕዱ አስተማሪ ተማሪ ሲሆን እኛ ያለንን አሳየን።

ልውውጥ ሁልጊዜ የታሰበለትን ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1958 አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ለአፍሪካ ወጣቶች ሁለት መቶ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጠች። ኬንያውያኑ፣ ናይጄሪያውያኑ፣ ዑጋንዳውያኑ አዲስ አበባ መጡ። የታሰበው ነፃይቱ ኢትዮጵያ ቅኝ የተገዙትን ታስተምራለች ተብሎ ነበር። የሆነው ግን እንግዶቹ ስለ መብትና ስለ ፖለቲካ በግልጽ ሲከራከሩ ያዩ የእኛ ተማሪዎች ከእንግዶቻቸው ተማሩ። ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ መነሻ ከሆኑት አንዱ ይህ መሆኑን ታሪክ ጸሐፊዎቹ ይነግሩናል። አስተናጋጅ መሆን አስተማሪ ብቻ መሆን አይደለም።

አሁን ወደ ባሌ ልመለስ፤ ቁጭቴ እዚህ ነውና።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። በፓርኩ ውስጥ፣ በሳኔቲ አምባና በአካባቢው፣ 4377 ሜትር ከፍታ ባለው ቱሉ ዲምቱ ጥላ ሥር፣ በዓለም ላይ ከቀሩት ከአምስት መቶ የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ይኖራሉ። የደጋ አጋዘንን ሳይንስ በስም የመዘገበው ከ1908 እ.ኤ.አ. የአንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ጉዞ በኋላ ነው፤ የኛ እረኞች ግን ከዚያ በፊት ልማዱን፣ ድምፁን፣ የሚወልድበትን ጫካ ያውቁት ነበር። ከዚያ ወዲህ የስንት አገር ተመራማሪ ዲንሾ አድሮ፣ ሳኔቲ ወጥቶ፣ የዶክትሬት ጽሑፉን ሠርቶ ሄዷል። መልካም ሥራ ነው፤ የብዙዎቹ ጥናት እንስሳቱን አድኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ቀበሮዎቹን ሲጨርስ ክትባቱ የመጣው ከተመራማሪዎቹ ነው። ሆኖም መንገዱን ያሳየው፣ ጉድጓዱን የጠቆመው፣ ፈረሱን የሳበው ልጅ ዛሬም ስለዚያ ጥናት አንድ ገጽ አላነበበም። ጽሑፉ ወደ ውጭ ቤተ መጻሕፍት ሄደ፤ ልጁ ፈረሱን ይዞ ቀረ። ይህ ልውውጥ አይደለም። እንግዳ የሰውን ቤት በልቶ ምስጋናውን ሌላ ቤት ሄዶ እንደ መናገር ነው።

ስንዴው ላይ ነገሩ በተሻለ መንገድ ሄዷል፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች ምሳሌ የምፈልገው ከዚያ ነው። ሲናና በዓመት ሁለቴ ይታረሳል፤ በልግም መኸርም ያፈራል። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1986 ተቋቋመ። በእርሻችን ላይ የምናያቸው ብዙ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች መነሻቸው ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ነው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ ዲገሉ የሚባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ መታው። ባሌና አርሲ ላይ ማሳው በሳምንታት ውስጥ ደረቀ። ቀደም ብሎ ዓለምን ያስደነገጠው ከዑጋንዳ የተነሣው ዋግ አልነበረም፤ ሌላ ዘር ነው። ገበሬዎቹም ማሳ ውስጥ ሲመላለሱ ሱሪያቸው በቀይ ዱቄት ሲቀላ ላብራቶሪ ሳይጠብቁ አወቁት። ናሙናው እስከ አሜሪካ ሚኒሶታ ሄዶ ተመረመረ፤ ውጤቱ ወደ ኩሉምሳና ወደ ሲናና የምርምር ማዕከላት ተመለሰ፤ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተፈልገው ለገበሬው ደረሱ። ዋግ ፓስፖርት ሳይጠየቅ በነፋስ አገር ያቋርጣል። ስለዚህ ዕውቀቱም በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ነበረበት፤ የገበሬው ዓይን ሳይኖር የሚኒሶታው ማይክሮስኮፕ የሚያየው የለውም፣ ማይክሮስኮፑ ሳይኖር የገበሬው ዓይን ሐዘን ብቻ ነው የሚያየው።

በዚህ መንገድ ትምህርት ቤቶቻችንን ሳስብ ብዙ የሚጠየቁበት ነገር አላቸው። ባሌ እንግዳ ተቀብሎ የመማር አገር ነው። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን በየዓመቱ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከቦረና፣ ከሸዋም ሕዝብ ለዚያራ ይጎርፋል፤ ተሳላሚው ገሪባ ሹካማ በትሩን ይዞ በየመንደሩ ሲያድር፣ የሚዘመረውና የሚነገረው ሁሉ ከአገር አገር ይሻገራል። በድሮ ጊዜ ክርስቲያኖችም ለስለት ይሄዱ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ወይብ ወንዝ ከአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው የሚወጣበትን ልጆቹ በእግራቸው ያውቁታል። ይህን ሁሉ የያዘ ተማሪ ለፊንላንድ ወይም ለሕንድ ተማሪ ደብዳቤ ሲጽፍ «እኛ ድሆች ነን፣ መጽሐፍ ላኩልን» ብሎ መጀመር የለበትም። እንዲህ የጀመረ ደብዳቤ ሁለቱንም ልጆች ይጎዳል፤ አንዱን ለማኝ፣ ሌላውን መጽዋች አድርጎ ያሳድጋቸዋል።

ለባሌ ልጅ የመጀመሪያው ባዕድ ደግሞ ሩቅ አይደለም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ከገዳ ታሪካዊ ሥፍራ ስሙን የወሰደው፣ በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ ሲከፈት፣ ትምህርት ሚኒስቴር የመደባቸው የጎጃም፣ የወላይታ፣ የጋምቤላ፣ የትግራይ ልጆች በአውቶቡስ ገቡ። ገብስ በሶና ጭኮ ያልቀመሱ፣ የሮቤን ብርድ የማያውቁ ልጆች። አንዳንዶቹ አራት ዓመት ከግቢው አጥር ብዙም ሳይርቁ ተመርቀው ሄዱ፤ ከተማዋም አላወቀቻቸውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪ ጋር የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚለውን ፕሮጀክት ሲጀምር፣ ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ በጎንደር አንድ ቤት አባትና እናት እንዲኖረው አደረገ። አባቴን ወሎ ላይ ያቆየቻቸው ባልቴት ያለ ፕሮጀክት ያደረገችውን ማለት ነው። ለውጭ አገር ልጅ በር የምንከፍተው ለጋምቤላው ልጅ በር ከከፈትን በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ባንችል እንኳ ሁለቱን በአንድ ጊዜ። በራሱ አገር እንግዳ መቀበል ያልለመደ ልጅ ፊንላንድ ሄዶ እንግዳ መሆንን አይችልበትም።

ለሰልቃው አባት ያኔ በስብሰባው ላይ አጭር ነገር ነው የተናገርኩት። ልጁ ከመጻጻፉ በፊት የራሱን ይማር፤ ይህ የቤተሰብና የመስጊድ ድርሻ ነው፣ ትምህርት ቤቱም አይሻማበትም። ከዚያ ስለ ሌላው ይጠይቅ፤ ግን በጠየቀ ቁጥር እሱም ይጠየቅ። ስለ ሶላቱ ሲጠየቅ መልስ ለመስጠት አባቱ ጋር መምጣቱ አይቀርም። አምስት ወቅት ለምን እንደሆነ፣ ረመዳን በየዓመቱ ለምን እንደሚዞር፣ ሕፃን ለምን በጆሮው አዛን እንደሚባልበት። ያልተጠየቀ ልጅ ይህን ሁሉ ሳያስብ ይሰግዳል፤ የተጠየቀ ልጅ ግን ለምን እንደሚሰግድ አውቆ ይሰግዳል። እኔ ራሴ ሂንዱው መምህሬ ለምን በግራ እጄ እንደማልበላ ሲጠይቁኝ ነው ሄጄ አባቴን የጠየቅኳቸው።

ለመጻጻፉም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ ክበብ አለው፣ ሚኒ ሚዲያ አለው፤ መብራት ሲኖር ኮምፒዩተርም አለ። የውጭ ተመራማሪዎቹ ግን ከእኛ መማር ከፈለጉ አንድ ግዴታ ይኑርባቸው፤ ሳኔቲ ወይም ሀረና ጫካ ሥራቸውን ጨርሰው ከመሄዳቸው በፊት ዲንሾ ወይም ጎባ ወይም ሮቤ አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው ያገኙትን ለተማሪዎች ይንገሩ፤ የጥናቱንም አጭር ግልባጭ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለትምህርት ቤቱ ይተዉ። ትርጉሙን የዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ለነሱም ከመጽሐፍ የማያገኙት ልምምድ ነው። ይህን ለፓርኩም ለዩኒቨርሲቲውም የምጽፈው ደብዳቤ ላይ አስቀምጫለሁ። ከደብዳቤው ጋር የማያይዘውን የተማሪዎቹን ጥያቄ ክበቡ እየሰበሰበ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል አንዲት ልጅ፣ ቤተሰቧ በወይብ ሸለቆ ከብት የሚያሰማራ፣ ውሾቻችንን ቀበሮውን ለማዳን ስትከትቡ፣ ያው በሽታ የሚገድላቸውን ላሞቻችንን ለምን አብራችሁ አትከትቡም ብላ ጽፋለች። የእሷን ጥያቄ በአንደኛ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።